ዘይት ለማይቀየርለት መኪና 18,400 ብር ሰርቪስ?

ቢኒ ገርጂ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው።

የምነዳው የፎልክስዋገን አይዲ 4 ክሮዝ ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና (ኢቪ)። 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ስገዛው ሰው ሁሉ የነገረኝ አንድ ነገር ነበር። «ኢቪ እኮ ሰርቪስ የለውም። ካንዴላ የለው፣ ቺንጋ የለው፣ የሞተር ዘይት የለው። ቻርጅ አድርገህ መንዳት ነው።» አመንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከማሳጠብና ጎማ ከማስነፋት በቀር ምንም አላደረግኩለትም።

ባለፈው ሳምንት ፍሬን ስይዝ ከፊት በቀኝ በኩል ሲጢጥ ይል ጀመር። ኢቪ እንሠራለን ወደሚል አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ድምፁን ሳይሰሙ «ሙሉ ሰርቪስ ነው የሚያስፈልገው» ብለው ዋጋ ጻፉልኝ። የኮምፒውተር ምርመራ 4,500። የፍሬን ዘይት 3,800። የባትሪ ሰርቪስ 3,000። የእጅ ዋጋ 2,500። ጎማ ማዟዟርና ባላንስ 2,400። የኤሲ ፊልትሮ 2,200። ድምሩ 18,400 ብር።

ድሮ ቪትዝ ነበረኝ። ለሷ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ስቀይር ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር የምከፍለው። ታዲያ ይሄ ዋጋ ምን ተሠርቶበት ነው? የከፈላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ነገ መልሴን ይጠብቃሉ።


ነዳጅ ናፋቂ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:31

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። እንኳን ወደ እውነታው ዓለም በደህና መጣህ 😀


ሄለን ሲኤምሲ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:40

እኔ ባለፈው ዓመት 11 ሺህ ከፍያለሁ፣ የቻይናው ቢዋይዲ ሲጋል ነው መኪናዬ። ምን እንደሠሩልኝ ብትጠይቀኝ ግን አላውቅም። መኪናውን ታጥቦ አገኘሁት።


የቄራው መካኒክ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3:22

ወንድም ቢኒ፣ 19 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ኢቪ መንካት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመቴ ነው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል ብዙዎቻችን ደንግጠን ነው የተማርነው። ስለዚህ ዝርዝርህን እንደ ባለሙያም እንደ ነጋዴም ላየው እችላለሁ።

የፍሬን ዘይቱን ሳታቅማማ ክፈል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መኪናው ቢቆምም ይስባል። ኢቪን እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑን ብዙ ስለማይጠቀም ሰው «አልነካሁትም እኮ፣ አዲስ ነው» ይላል። ዘይቱ ግን ዕድሜውን የሚቆጥረው በቀን ነው። አብዛኛው አምራች በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚለው ለዚህ ነው። ውኃ የገባበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። እንደ እስክሪብቶ ያለች መለኪያ አለች፣ ፊትህ ይለኩልህ። ውኃው 3 በመቶ ደረጃ ደርሶ ከሆነ ይቀየር።

የኤሲ ፊልትሮውን ራስህ ቀይረው። ቪዲዮ አይተህ 15 ደቂቃ አይፈጅብህም። ፊልትሮውን ሶማሌ ተራ ብትጠይቅ ታገኛለህ።

ጎማ ማዟዟር የሚለው ላይ ሳቅሁ። ውረድና የጎማህን ጎን አንብብ። የፊቱ 235፣ የኋላው 255 ከሆነ የፊቱን ወደ ኋላ ማዞር አይቻልም። መጠናቸው ይለያያል። ሊያዟዙሩልህ ያሰቡት ምን እንደሆነ ጠይቅልኝ።

«የባትሪ ሰርቪስ» ደግሞ ትርጉም የለውም። የታሸገ ባትሪ ነው፣ አይከፈትም፣ አይጠረግም፣ አይቀባም። የኩላንቱን (የማቀዝቀዣ ፈሳሹን) መጠን ማየትና ኢንሱሌሽን (መብራቱ ወደ መኪናው አካል አለመፍሰሱን) መለካት ማለታቸው ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው፤ እንደዚያ ብለው ይጻፉት።

የኮምፒውተሩ ገንዘብ የሚያዋጣው ወረቀት ይዘህ ከወጣህ ብቻ ነው። የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ስንት ነው? ባትሪው ውስጥ ካሉት ሴሎች ትልቁና ትንሹ ቮልቴጅ ምን ያህል ይራራቃሉ? ያለፉ የስህተት ኮዶች አሉ? ይህ ታትሞ ካልተሰጠህ የከፈልከው ላፕቶፕ ሲሰካ ለማየት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን አስተዋልክ? ከሥር ማየት የሚል የለም! መኪናህ ውስጥ ትልቁ ገንዘብ የተቀመጠው ከእግርህ ሥር ነው። ክረምቱን ሙሉ በጉድጓድና በተቆፈረ መንገድ ነድተኸዋል። ሊፍት ላይ አውጥቶ የባትሪውን ሆድ ማየት ሃያ ደቂቃ ነው። ማንም ግን በዝርዝር አይጽፈውም፣ ምክንያቱም የሚሸጥ ዕቃ የለበትም።


ቢኒ ገርጂ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3:41

በባትሪ መብራት ወርጄ አየሁ። የፊቱ 235፣ የኋላው 255 😳 ጥበቃው ምን ሆነ ብሎ መጣ።


ዮኒ ታክሲ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:05

ቢኒ ሰርቪሱን ጨርሰህ እንዳትተወው ግን። የኔን ስማ።

በቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ አፕ ታክሲ ነው የምሠራው። በቀን 180፣ 200 ኪሎ ሜትር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጋራዥ አልረገጥኩም። ሲጢጥ የሚለው ነገር እኔም ነበረብኝ፣ ሙዚቃ እየጨመርኩ ሸፈንኩት። አንድ ቀን ተሳፋሪ «ወንድሜ መኪናህ ብረት ይፈጫል» አለኝ። ሲፈታ የአንዱ ጎማ ፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን አርሶታል። ሌላኛው ጎን አዲስ ነው የሚመስለው! ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒኑ ላይ ደርቆ ተጣብቆ ቀርቷል። ጭቃና ውኃ ገብቶ፣ ፍሬኑ ደግሞ ብዙ ስለማይሠራ ሳይንቀሳቀስ ነው የደረቀው። ጽዳትና ቅባት ቢያገኝ በጥቂት መቶ ብር ያልቅ ነበር። እኔ ሁለት ዲስክና ሸራ ገዛሁ፣ ሦስት ቀን ሥራ አቆምኩ። ዲስኩ ሳይሆን ሦስቱ ቀን ነው የጎዳኝ።


የቨርጂኒያው
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:48

እዚህ አሌክሳንድሪያ ቴስላ ሞዴል 3 ነው ያለኝ። ከኩባንያው የሚመጣ ዓመታዊ ሰርቪስ የሚባል ነገር የለም። መመሪያው የሚለው ጥቂት ነው። ጎማ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ማዟዟር፣ የውስጥ አየር ፊልትሮ በየ2 ዓመቱ፣ የፍሬን ዘይት በየ4 ዓመቱ ማስመርመር። በአራት ዓመት ውስጥ ያወጣሁት ለጎማና ለፊልትሮ ብቻ ነው። 18 ሺህ ብር ዘረፋ ነው የሚመስለኝ።


ዮኒ ታክሲ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:55

የናንተ አስፋልት ላይ እኮ ምንጣፍ ነው የተነጠፈው ብሮ። አንድ ሳምንት እዚህ ንዳና እንነጋገር።


የቄራው መካኒክ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 5:10

የቨርጂኒያው ትክክል ነው፣ ግን ያንኑ መመሪያ አንድ ገጽ ገልበጥ አድርገው። ክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር የፍሬን ካሊፐር በየዓመቱ ወይም በየ20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይጽዳ፣ ይቀባ ይላል። ጨው እናንተ ጋ የሚሠራውን እኛ ጋ አቧራና ጭቃ ይሠራዋል። የሰው መመሪያ ስታነብ የሰውን መንገድም አብረህ ማንበብ ነው።

ፎልክስዋገን በአይዲ 4 የኋላ ጎማ ላይ የዱሮውን ድራም ፍሬን የመለሰው ለምን ይመስላችኋል? የኋላው ፍሬን ብዙ ስለማይነካ ዲስክ ከሆነ ይዝጋል። ድራም ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሰው አይቶት «አሮጌ ፍሬን ገጠሙልኝ» ብሎ ይቆጣል።


የቨርጂኒያው
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 5:19

እሺ፣ የጨውን ነገር አላስተዋልኩትም። ተረታሁ።


ነዳጅ ናፋቂ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1:20

ቁም ነገር ላውራ እስቲ። የኔ ጥያቄ ስለ 18 ሺህ አይደለም። ኮሮላ ቢበላሽብኝ ደብረ ብርሃንም ሐዋሳም የሚሠራልኝ አገኛለሁ። ዕቃው በየሱቁ አለ። እናንተ ግን አንድ ኮምፒውተር ያለው ሰው እጅ ላይ ወድቃችኋል። እሱ 18 ካለ 18 ነው፣ 40 ካለ 40። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዕቃ ከቻይና ሲታዘዝ ዋጋውም ጊዜውም የሻጩ ነው። በነዳጅ ያተረፋችሁትን በአንድ ቀን ይወስደዋል።


ሄለን ሲኤምሲ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 2:02

ይሄ እውነት አለው። የኔ ስክሪን ቻይንኛ ነበር። ቋንቋ ለማስቀየር ብቻ ሦስት ቦታ ዞሬያለሁ፣ ሦስቱም የተለያየ ዋጋ ነው የጠሩልኝ። ዋስትና ደግሞ ብዙዎቻችን የለንም፣ መኪኖቻችን ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ አምራቹ አያውቀንም።

ግን ነዳጅ ናፋቂ፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የባለቤቴ ቪትዝ በወር 80 ሊትር አካባቢ ትጠጣለች። ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይሄ በወር ከ8 ሺህ ብር በላይ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ነው ቻርጅ የማደርገው፣ የመብራት ሂሳቤ ከምድጃው ጋር ተደምሮም ያን አይደርስም። ቢኒ የተጠየቀው 18 ሺህ የሁለት ወር ቤንዚን ገደማ ነው ማለት ነው። በሁለት ዓመት አንዴ! የሚያናድደኝ ገንዘቡ አይደለም። ለምን እንደከፈልኩ አለማወቄ ነው።


ነዳጅ ናፋቂ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 2:10

የነዳጅ ሰልፉንም ጨምሪበት፣ እሱን አልክድም። ትናንት 1 ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ።


ጋሽ ጡረተኛው
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3:30

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ልጄ ከውጭ የላከልኝ ቢዋይዲ ዶልፊን አለችኝ። ብዙ አልነዳትም፣ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ነው። ለሦስት ሳምንት ቆማ ስመለስ ጭራሽ አልከፈት አለች። ትልቁ ባትሪ 70 በመቶ ነበረው። ጎረቤት «ባትሪው ሞቷል፣ ግማሽ ሚሊዮን ይፈልጋል» ብሎ አስደነገጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰርቪስ ያስቀረው ነበር ወይ?


የቄራው መካኒክ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3:52

ጋሼ እንዴት አደሩ። አይደንግጡ። የሞተችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት። በሩን የሚከፍተው፣ ስክሪኑን የሚያበራው፣ ትልቁን ባትሪ «ተነሥ» የሚለው እሷ ናት። እሷ ከተኛች ትልቁ 100 በመቶ ቢኖረውም መኪናው በድን ነው። አዎ፣ ሰርቪስ ላይ መለካት ካለባቸው ነገሮች አንዷ ናት፣ አምስት ደቂቃ ነው። የጎረቤትዎን ነገር ግን አይስሙ።

ሌላ ደግሞ፣ የእርስዎ መኪና ባትሪ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) የሚባለው ዓይነት ነው። በሳምንት አንዴ እስከ 100 ይሙሉት፣ የመቶኛ ቆጣሪው እንዳይሳሳት። ቢኒ፣ ያንተ ለየት ያለ ስለሆነ በአዘቦት ቀን 80 ላይ ይብቃህ።


ጋሽ ጡረተኛው
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 4:15

እግዜር ይስጥህ ልጄ። በደብተሬ ጽፌዋለሁ። እኔ ሽሮ ሜዳ ነኝ፣ ሞልቼ ጠዋት ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ደግሞ እግሬን ሳነሳ እንደ ሌላው ጊዜ አትይዝም፣ ትንሸራተታለች። ይሄስ?


የቄራው መካኒክ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 4:21

ጤነኛ ናት ጋሼ። ባትሪው ሞልቶ ሳለ ቁልቁለቱ የሚያመነጨውን መብራት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ራሷ አትይዝም። ያን ጊዜ የእግር ፍሬን ብቻ ነው ያለዎት። የፍሬን ዘይት ላይ ድርቅ ያልኩት ለዚህም ነው።


አስቴር ለቡ
ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 6:40

እኔ ደግሞ በኤሲ የተቃጠልኩ ነኝ። ዩዋን ፕላስ። ኤሲው ደከም ሲል ሰፈር ካለ የኤሲ ባለሙያ ጋ «ጋዝ ሙላልኝ» አልኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ የነዳጅ መኪኖቼን ሁሉ ሠርቶልኛል። ጋዙን ከዘይት ጋር ሞላው። በሳምንቱ መኪናው ቀይ ማስጠንቀቂያ አብርቶ ቆመ። ኢንሱሌሽን ብልሽት ነው ተባለ። የኢቪ የኤሲ ኮምፕሬሰር የራሱ ዘይት አለው ለካ። በተለመደው መኪና የሚገባው ዘይት መብራት ያስተላልፋል። ኮምፕሬሰር 140 ሺህ ብር፣ ዕቃው ሁለት ወር ፈጀ።


የቄራው መካኒክ
ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 7:05

እህቴ አዝናለሁ። ይህን ስህተት በዓይኔ አይቻለሁ። ኮምፕሬሰሩ ራሱ በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚሠራው፣ ዘይቱም ውስጡ ያለውን ሞተር ይነካዋል። ፒኦኢ የሚባለው ዘይት ካልሆነ አይሆንም። በዶልፊንና በዩዋን ፕላስ ላይ ደግሞ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው የኤሲ ጋዝ ነው። እና ኤሲ እነሱ ላይ የምቾት ዕቃ ብቻ አይደለም።

ጋራዥ ስትመርጡ አንድ ነገር እዩ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከመውን ብርቱካናማ ገመድ ከመንካቱ በፊት ምን ያደርጋል? መኪናውን አጥፍቶ፣ ሰርቪስ መንቀያውን (ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚቆርጠውን መሰኪያ) አላቅቆ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ የጎማ ጓንት አድርጎ፣ ቮልቴጁ መጥፋቱን ለክቶ ነው የሚጀምረው። ሲጋራ በአፉ ይዞ በባዶ እጁ ከገባበት ቁልፋችሁን ተቀበሉ።


ሄለን ሲኤምሲ
ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 7:30

ጎሚስታም ጨምሩበት። የኔ ጎማ ተንፍሶ ልጁ ክሪኩን መሐል ሆዷ ሥር ሊገፋ ሲል ጮህኩ። «እህት ምን ሆንሽ፣ ቪ8 አነሣ የለም ወይ?» አለኝ። ክሪኩ ሊያርፍ የነበረው ባትሪው ላይ ነበር።


ቢኒ ገርጂ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 1:50

ተመለስኩ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ትናንት ዝርዝሩን ይዤ ያው ጋራዥ ሄድኩ። ጎማ ማዟዟሩን ጠየቅኩ። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ ጎማውን አየ፣ «እ... ይሄ ለሌላ መኪና የምንጽፈው ነው» አለ። ተሰረዘ። «የባትሪ ሰርቪስ» ምንድን ነው ስል ሁለቱ ሠራተኞች ሁለት የተለያየ መልስ ሰጡኝ። እሱም ተሰረዘ። 13,000 ላይ ቆምን። በዚያው ገንዘብ ሊፍት ላይ ወጥቶ ሥሩ እንዲታይ፣ ካሊፐሮቹ ተፈትተው እንዲጸዱ፣ ትንሿ ባትሪ እንድትለካ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ትንሽ አንገራገረ፣ በኋላ እሺ አለ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ክፉ አይደለም። ለነዳጅ መኪና የተሠራ ፎርም ነው ያላቸው፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየሩት።

የፍሬን ዘይቱ ሲለካ መብራቷ ቀይ ሆነች፣ ተቀየረ። የወጣው ዘይት ሻይ ነው የሚመስለው። ሲጢጥታው የቀኝ ካሊፐር ፒን ነበር፣ ልክ እንደ ዮኒ፤ ሸራው ግን ገና ብዙ አለው። ትንሿ ባትሪ ደክማለች፣ እስከ ገና እቀይራታለሁ። የባትሪው ጤንነት 96 በመቶ፣ ወረቀቱን አሳትሜ ከሊብሬው ጋር አስቀምጫለሁ።

እና ሥሩ። ባትሪው ፊት ለፊት ያለው የፕላስቲክ መከላከያ ተሰንጥቆ ሁለት ብሎን ብቻ ይዞት ተንጠልጥሏል። የብረቱ ሽፋን ላይ የጣት ያህል ጭረት አለ፣ ግን አልጎደጎደም፣ ኩላንትም አላፈሰሰም። መቼ እንደመታኝ እንኳ አላውቅም። መካኒኩ «አንድ ክረምት ቢደገም...» ብሎ ዝም አለ። መከላከያውን በ1,800 ብር አሠራሁት። በጠቅላላው 14,800 ከፈልኩ።


ዮኒ ታክሲ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2:04

96 በመቶ ወረቀቱን አትጣላት። ባልደረባዬ በቀደም መኪናውን ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። ወረቀት የለኝም ሲል ዋጋውን እዚያው ላይ ቆረጠበት።


ነዳጅ ናፋቂ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2:15

14,800... ምንም አልልም። አንድ ጥያቄ ግን፣ ለጓደኛዬ ነው፣ ያገለገለ ኢቪ ሲገዛ ያን ወረቀት ማን ያሳትምለታል?


ሄለን ሲኤምሲ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2:17

ለጓደኛህ 😂😂


የቄራው መካኒክ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2:30

ሻጩ ያሳተመውን አትቀበል፣ ራስህ... ይቅርታ፣ ጓደኛህ የመረጠው ጋራዥ ይውሰደው። መጀመሪያ ግን ሊፍት ላይ ያውጣው።